የአያ ይስማው ቦዬ

ይህን ነገር ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ። ለሚስቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ግማሹን በቅርቡ ለአንዲት ልጅ ነግሬአታለሁ፤ ያ ግማሽ ግን ጨርሶ ዝም ካልኩበት ጊዜ ሁሉ የከፋ ነበር። ሙሉውን የምነግርህ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፣ አንባቢዬ። ሰምተህ ስትጨርስ ፊትህን አላየውም። ምናልባት አንተን የመረጥኩህ ለዚሁ ይሆናል።

እኔ ቢቸና ተወልጄ ያደግሁ፣ ግብርና የተማርኩ ሰው ነኝ። ወጣት ሳለሁ አንድ የምርምር ጣቢያ ተቀጠርኩ። ጣቢያችን በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ሆኖ የቦዬን ሙሉ ዘረመል ለማንበብ ተነሥቶ ነበር። ቦዬን የእኛ አገር ደገኛ አያውቀውም። እንደ ሐረግ እንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ከመሬት በታች ከድንች የሚተልቅ ሥር የሚያበጅ፣ ሥሩም ተቀቅሎ የሚበላ የቆላ ተክል ነው። ዘረመሉን ማንበብ ማለት፣ ተክሉ ከዘር ማንዘሩ የወረሰውን ሁሉ ከለጋ ቅጠሉ አውጥቶ በማሽን ፊደል በፊደል መለየት ነው። ያ ከታወቀ በሽታ የማይጥለውን፣ ድርቅ የሚችለውን ዘር መምረጥ ይቻላል። ትልቅ ሥራ ነበር። እኔም በእሱ ትልቅ ሰው የምሆን መስሎኝ ነበር።

አለቃዬ ዶክተር ሰብለ ትባላለች። «ከአባይ ወዲህ ቦዬ የሚያበቅል ገበሬ ይኖር ይሆን?» አለችኝ አንድ ቀን። ጠያይቄ ሞጣ ገበያ ላይ ወሬውን አገኘሁ። ከሞጣ ወደ አባይ ሲወረድ፣ ቆላው ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ አለ አሉኝ። ወረድኩ።

ሰውዬው አያ ይስማው ነበሩ። አባታቸው በወጣትነታቸው አባይን እየተሻገሩ ወለጋ ሲነግዱ ያመጡትን ቦዬ ከጅረት ዳር በምትገኝ ጓሮአቸው ተክለው፣ ዘሩን ሳያቋርጡ ይዘውት ኖረዋል። ንግግር አያበዙም። ባለቤታቸው ስንዱ ግን በዕድሜ እኩያዬ፣ ሳቂታና ተጫዋች ነበረች። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። በተመላለስኩ ቁጥር ከእነሱ ቤት አድር ነበር። ቅጠል ስሰበስብ እያየች ትርንጎ «ቅጠል ለቃሚው መጣ» ትለኝ ነበር። ባልና ሚስቱን የሚያጋጫቸው ነገር አንድ ብቻ ነው። ስንዱ ልጇን ሞጣ ካለው ወንድሟ ዘንድ አስቀምጣ ልታስተምራት ትፈልጋለች፤ አያ ይስማው «አንድ ናት፤ ከዓይኔ አትርቅም» ይላሉ።

ሥራው ሳይጀመር ክረምት ገባና ጅረቱ ሞልቶ ያንን ጓሮ ጠርጎ ወሰደው። በጥር ወር ስወርድ የቀራቸው አንድ ሥር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለዘር ብለው ቤት ውስጥ አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል።

«ይህችን ካጣሁ አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው» አሉኝ።

«እኛ ዘንድ ጎርፍ የማይደርስበት የላስቲክ ቤት አለ። አባዝቼ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ማልልኝ።»

«ጊዮርጊስን!»

አሁንም ወደኋላ አሉ። ያኔ ስንዱ ገባችበት። «ስጠው እንጂ ይስማው! ልጁ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነው?» አለች። በእሷ ቃል ሰጡኝ። ይህን ልብ በልልኝ። የሰጡኝ በእሷ ቃል ነው።

ዶክተር ሰብለ «የትም ሳታድር ይዘኸው ና» ብላኝ ነበር። መንገዴ ግን በቢቸና ነው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የእኅቴ ሠርግ ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ሥሩን የያዝኩበትን ከረጢት እናቴ ቤት ጓዳ ጥግ አስቀመጥኩት። ምን እንደያዘ ለማንም አልነገርኩም። ሠርገኛ ተቀበልኩ፤ ጨፈርኩ፤ የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ። ሠርጉ አልፎ ለመሄድ ስነሣ ከረጢቱ ባዶውን ነው።

ወጥ ቤቱን ስትመራ የሰነበተችውን አክስቴን ጠየቅኋት።

«ያ ትልቁ ድንች? ውይ፣ ድንች አንሶን እኮ ነበር! ላጥነውና ገባ። እንዴት ይጣፍጥ መሰለህ! ከየት አገኘኸው?»

ከልጣጩ ይበቅል ይሆን ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ፍየሎቹ ቀድመውኛል። አያ ይስማው ከአባታቸው የወረሱት ዘር በእኅቴ ሠርግ ላይ ተበላ። ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ጣፍጦኝም ነበር።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። የስህተትን መድኃኒት ማን ያጣዋል? በማግስቱ ተመልሼ ቆላ መውረድና «አያ ይስማው፣ ጉድ ሠራሁ» ማለት ነበር። ምን ያደርጉኝ ነበር? ይቆጡ ነበር። ምናልባት ያለቅሱ ይሆናል። እራት ግን ሳያበሉ አያሰናብቱኝም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ክፋቱ ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ታዲያ ለምን አልሄድኩም? ዶክተር ሰብለ ፊት ሞኝ ሆኜ መታየት ፈራሁ። ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አሥር ዓመት ቢፈለግ አይገኝም፤ ፈልጌ አይቻለሁና።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ለተክል ጥናት ከደጀን በታች ባለው የአባይ በረሃ ስዘዋወር የጫካ ቦዬ አይቼ ነበር። የአገሩ ሰዎች «አይበላም፤ መርዝ ነው፤ ዝንጀሮ እንኳ አይነካው» ብለውኛል። ደጀን ሄድኩ። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ይዞኝ ወረደ፤ ድልድዩ ሳይደርስ አስቆምኩትና ገደል ውስጥ ገብቼ የጫካውን ቦዬ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁ። አፈሩን አራግፌ በዚያው ከረጢት ጨመርኩት። «የሞጣው ቆላ ቦዬ፣ የአቶ ይስማው» ብዬ ለጣቢያው አስረከብኩ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። ያዘዘኝ የለም።

ቦዬው በላስቲክ ቤት በቀለ። ለጋ ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ተጠብቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማሽኑ ያጋልጠኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ቢያጋልጠኝ ብዬም ተመኝቻለሁ። ሆኖም ማሽን የሰጡትን ያነባል እንጂ ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን ዶክተር ሰብለ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ጌታነህ! ከምዕራቡም ከደቡቡም ቦዬ ጋር አይገናኝም። የጎጃም ገበሬ ለብቻው ያላመደው ዘር ነው ማለት እኮ ነው!» አለችኝ። ከዚያ ቆም ብላ «ከዚያ ጓሮ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ለማመሳከሪያ ሌላ ናሙና ከዚያው ይገኛል?»

«ጎርፍ ወስዶታል» አልኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለእሷ የነገርኳት አንድ እውነት ይቺ ናት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ዶክተር ሰብለ ደግ ሰው ናት፤ ደግነቷ ወጥመድ ሆነብኝ። «ሰውዬው የመጨረሻ ዘራቸውን አምነው ሰጥተውናል፤ ተባዝቶ በክብር ይመለስላቸው» አለች። ምን ብዬ እከለክላታለሁ? በተከታዩ ዓመት ግንቦት፣ ሞጣ፣ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ አያ ይስማው አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡ። እያጨበጨብን የበረሃውን መርዝ በዘንቢል ሰጠናቸው። ዘንቢሉን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

አንዱን ሥር አንሥተው አገላበጡት። በሕዝብ ፊት መልሰው ዘንቢሉ ውስጥ አኖሩት። ሲያልቅ ግን ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«ጌታነህ፣ ይኼ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው እንጂ።»

«የእኔው ልጡ ለስላሳ ነበር። ይኼ ፀጉራም ነው።»

እዚህ ላይም መመለስ እችል ነበር። ሰውዬው በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ ሰው ፊት እንኳ አላዋረዱኝም። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ «የላስቲክ ቤት ሙቀት መልኩን ይለውጠዋል፣ አያ ይስማው። ዘሩ ያው ነው። ማሽኑ አንብቦታል።»

«ማሽኑ አይሳሳትም?»

«አይሳሳትም።»

ዘንቢሉን ብብታቸው ሥር አደረጉ። «እንግዲያው የተሳሳተው የእኔ ዓይን ነው። እርጅና ነው መሰል» አሉና መረቁኝ። አዎ፣ መረቁኝ።

ተክለውት ለመብላት እስኪደርስ ከወለጋ ደኅናውን ቦዬ አምጥቼ እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ ኅዳር ገባ። ጾመ ነቢያት ነበር። ስንዱ ከሥሮቹ አንዱን ቆፍራ ቀቀለች። እሷ እስከ ተሲያት ትጾማለች፤ ትርንጎም ከእሷ ጋር ጾማ ነበር። አያ ይስማው ከአጨዳ ተርበው ገብተው ብቻቸውን በሉ። ጥቂት ቆይተው ማስመለስ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሰውነታቸው ተንዘፈዘፈ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን አወጣቸውና ሞጣ አደረሳቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ግራ እጃቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው መንቀጥቀጡን አልተወም።

ወንድማቸው አያ ቢተው ስንዱን ከሰሳት። ባሏን አብልታ እሷ አልቀመሰችም፤ ልጇን ይዛ ሞጣ መግባት ትፈልግ ነበር፤ ስለዚህ መርዛዋለች አለ። ጉዳዩ ለሽማግሌ ደረሰ። እኔም ተጠራሁ። የተማረ ሰው ይመስክር ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጥን። አያ ይስማው ጋቢ ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትርንጎ ከጎናቸው ናት። ስንዱ ለብቻዋ ቆማለች።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መርጌታ «ልጄ፣ እግዜርን ይዘህ ተናገር። ይህ ሥር ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» አሉኝ።

«ተናገር ወንድሜ» አለች ስንዱ። «እንደ ወትሮው ቀቅዬ ነው የሰጠሁት። ምናልባት ሥሩ ራሱ እንደሆነስ? እስቲ አንተ ታውቃለህ።»

አውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ይጎዳል» የምትለው አንዲት ቃል እሷን ከባሏና ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ ትመልሳት ነበር። ነገር ግን ይጎዳል ካልኩ፣ የአባቶቻቸው ቦዬ መቼ ጎድቷቸው ያውቃል? ብለው ይጠይቃሉ። ያኔ ከረጢቱ ይመጣል፤ ደጀን ይመጣል፤ የተነበበው ሁሉ፣ የተጻፈው ሁሉ ይፈርሳል። በአንዲት ቃል ውስጥ ሁሉም ተቆላልፎ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ፤ መውጫ አጣሁ። መውጫው ግን እዚያው ፊቴ ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

«ሥሩ ያው የአያ ይስማው ነው። ማሽኑ አንብቦታል። ሰው አይጎዳም» አልኩ።

ስንዱ ዝቅ ብላ የገዛ እጆቿን አየች።

ተፈረደ። እሷ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ሞጣ ትሂድ፤ ልጅቱ ከአባቷ ትቅር ተባለ። ስትሰናበት ትርንጎን ለመሳም እጇን ዘረጋች። ልጅቱ ወደኋላ ሸሸች። ይህንንም ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ እኔ አደግሁ። ውጭ አገር ተልኬ ሠለጠንኩ፤ ደረጃ ተጨመረልኝ። የዚያ ቦዬ ዘረመል ታትሟል፤ ከግርጌው የአያ ይስማው ቀዬ ተጠርቷል፤ ስሜም አለበት። ለሰው ምሳሌ ሆኜ ስለ ገበሬ ዘር አጠባበቅ ንግግር አድርጌአለሁ። ያ ሁሉ ጭብጨባ እያለ በየመንገዱ ነጠላ ያደገደገች ሴት ሳይ ሌላ መንገድ እይዝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አያ ይስማው አረፉ። በዚህ ዓመት ለሥራ ሞጣ ወርጄ ገበያ ውስጥ ሳልፍ አንዲት ጌሾ ሻጭ በስሜ ጠራችኝ። ስንዱ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ተነሥታ ሳመችኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ሰማህ?» አለችኝ።

«በምኑ?»

«አላውቅም እኮ! ድስቱን ደኅና አድርጌ አላጠብኩት ይሆናል። የአይጥ መድኃኒት ነክቼ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው ‹ጥፋተኛ ነሽ› ካለኝ፣ ሳላውቅ አጥፍቼ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ።»

ምን አልኳት መሰለህ? «እግዜር ያውቃል» አልኳት።

«ትርንጎ ቢቸና አስተማሪ ሆናለች» አለች ደግሞ። «የአጎቷ ልጅ ነው ወስዶ ያስተማራት። ይስማው በመጨረሻ ፈቀደ። ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው አሉ።»

«ጠርታሻለች?»

ጌሾዋን በእጇ አመሰች። «አባቷን መረዘች የተባለችን ማን ይጠራል? የአባቷን ለቅሶ እንኳ ከሩቅ ነው የቆምኩት።»

በመመለሻዬ ቢቸና ወረድኩ። ይኼኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትርንጎ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ጠይቄ ደጁ ላይ ጠበቅኋት። ስታየኝ አወቀችኝ። «ቅጠል ለቃሚው!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ የእናቷ ነው።

«እናትሽ አባትሽን አልመረዘችም» አልኳት። «ሥሩ ነው። የበረሃ ሥር ነበር።»

ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እንዴት?»

አሁን ስማኝ። እውነቱን ይዤ ልጅቱ ዘንድ የሄድኩት እኔ፣ አፌን ስከፍት የወጣው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጣቢያው ውስጥ በስህተት ተቀያይሮ ነው። እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።»

በስህተት! በቅርቡ! ወደ እሷ ስሄድ እንዲህ ልል አላሰብኩም ነበር። ውሸቱ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

ትርንጎ አለቀሰች። «እጇን ስትዘረጋልኝ ሸሽቻለሁ እኮ» አለች። «ሞጣ ባየኋት ቁጥር መንገድ ቀይሬአለሁ።» ከዚያ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «ማንም ሳያስገድድዎ መጥተው ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ይምጡ። አብረን ሄደን ለእሷም ይንገሯት። ከእርስዎ አፍ ትስማው።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

መጣሁም። የሞጣው አውቶቡስ ቆሟል፤ ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ! የቀረ ሞጣ!» ይላል። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ቆሜ አየኋት። በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ አድርጋለች። ተሳፋሪ መጥቶ ሲጠይቃት «ሰው አለው» ትላለች። ሌላው ሲመጣም «ሰው አለው» ትላለች። በሩን ታያለች። እኔም እግሬን አየሁት። ስንዱ ፊት ብቆም «በስህተት ነው» ልላት ነው? ሽማግሌዎቹ ፊት ዓይኔን አይታዋለች፤ እሷን በዚህ አልሸነግላትም። እውነቱን ልናገር? ጉልበቴን ልትስም ያጎነበሰችው ልጅ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። ከሁለቱ አንዱንም ማድረግ አልቻልኩም። ረዳቱ በሩን ዘጋ። አውቶቡሱ ትርንጎንና ባዶውን ወንበር ይዞ ሄደ።

የትርንጎ ሠርግ ላይ እናትዬው እንደነበረች ሰምቻለሁ። ልጇ እጇን ይዛ ከጎኗ አስቀምጣታለች አሉ። ይህን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ በደስታዬም አፈርኩ፤ ምክንያቱም ወዲያው «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፣ ዝም ማለት እችላለሁ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አላለቀም። ለስንዱ የተነገራት በጣቢያው ስህተት ተጎዳሽ ተብሎ ነው። የጎዳት ስህተት አይደለም። እኔ ነኝ። አውቄ ነው። ዓይኗን እያየሁ ነው። ዶክተር ሰብለም ገና አልሰማችም፤ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ዛሬም የደጀንን በረሃ መርዝ የአያ ይስማው ብለው ያነባሉ።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንባቢዬ። አንተን አልበደልኩህም። ወጣት ነበርኩም አልልህም፤ ባለፈው ወር መናኸሪያ ላይ የቆምኩት ሽበት አውጥቼ ነው። ይህን ጽሑፍ ስሜን ጽፌ አስቀድሜ ለትርንጎ እሰጣታለሁ፤ ለእናቷ እሷ ታንብብላት። ለዶክተር ሰብለ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። እንዲህ ብዬ ከዚህ በፊትም ለራሴ ቃል ገብቼ ስለማውቅ፣ አትመነኝ።